ምዕራፍ ስድስት፦ 225 ሊትር

ትንንሽ የኦክ በርሜል የሚሸጡ ነጋዴዎች ለገዢ ደጋግመው የሚሉት ነገር አለ፦ በትልቅ በርሜል ሁለት ዓመት የሚፈጀው ወይን ጠጅ በትንሹ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳል። ዕቃዎቹ አምስት፣ አሥር ወይም ሃያ ሊትር የሚይዙ፣ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ዓይን የሚስቡ ናቸው። አባባሉ ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀበለውም ነበር፤ ችግሩ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ወይን ጠጅ በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይካሄዳል። ከእንጨቱ ጣዕምና መዓዛ ይወስዳል። በእንጨቱ በኩል ጥቂት በጥቂት አየር ያገኛል። በዚህ መካከል ደግሞ ከወይኑ ልጣጭና ከዘሩ የመጡት ንጥረ ነገሮች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ፣ ሻካራው እየለዘበ፣ አተላው እየዘቀጠ ይሄዳል። በርሜሉ ባነሰ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይፈጥናሉ። ሦስተኛው ግን በዚያው ልክ አይፈጥንም። ወይን ጠጅ ደረሰ የሚባለው ሦስቱ ተያይዘው ሲደርሱ ስለሆነ፣ ሁለቱ አንዱን ጥለው ከሮጡ የሚገኘው የበሰለ መጠጥ አይደለም፤ እንጨት እንጨት የሚል ጥሬ ወይን ጠጅ ነው።

ለምን እንደሚፈጥኑ ለማየት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን አንድ ሊትር ይይዛል፤ ስድስቱ ገጾቹ ሲደመሩ 600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ጎኑን እጥፍ አድርገን 20 ሴንቲ ሜትር ብናደርሰው 8 ሊትር ይይዛል፤ የገጾቹ ስፋት ግን 2,400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለአንድ ሊትር ሲካፈል 300። ዕቃው ሲያድግ የሚይዘው ከግድግዳው ይልቅ በፍጥነት ይጨምራል፤ ሲያንስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል።

ይኸው ሒሳብ ለበርሜልም ይሠራል። 225 ሊትር የሚይዘው የቦርዶ በርሜል፣ ፈረንሳዮች ባሪክ የሚሉት፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ወይን ጠጅ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል እንጨት ይደርሰዋል። ቅርጹ ሳይለወጥ ወደ 20 ሊትር ብናሳንሰው ቁጥሩ 200 ገደማ ይሆናል፤ ወደ 5 ሊትር ብናወርደው ከ300 ያልፋል። በሰሜን ጣሊያን ምድር ቤቶች ያለው 5,000 ሊትር የሚይዝ ግዙፍ በርሜል ግን ለአንድ ሊትር የሚሰጠው 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአምስት ሊትሩና በአምስት ሺሁ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የባሪክ ጣውላ እንደ አሠራሩ 22 ወይም 27 ሚሊ ሜትር ሲወፍር የትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይሳሳል፤ አየሩም በዚያው ልክ መንገዱ ያጥርለታል።

የቦርዶው ባሪክ መጠን በሕግ የጸናው በ1866 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልኩን ያመጣው ግን የጣዕም ምርምር ሳይሆን የጭነት ሥራ ነው። ሙሉ ባሪክ 270 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ መሐሉ ያበጠ ስለሆነ መሬት የሚነካው በጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን እያንከባለለ ወደፈለገበት ያዞረዋል። አራቱ 900 ሊትር ይሆናሉ፤ የቦርዶ ጅምላ ነጋዴዎች እስከ ዛሬ ዋጋ የሚነጋገሩት በዚህ ልክ ነው። በርሜል በታሪኩ አብዛኛውን ዘመን ማጓጓዣና ማስቀመጫ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ወይን ጠጅ በቀለበት በታሰረ የእንጨት ዕቃ እንደሚቀመጥ መዝግቧል፤ ያን ጊዜ ሜዲትራኒያንን የሚያቋርጠው ወይን ጠጅ በሸክላ ይጫን ነበር። እንጨቱ የሸክላውን ቦታ የወሰደው ስለሚቀል፣ ስለማይሰበርና ስለሚንከባለል ነው። ጣዕም መስጠቱ ሳይታሰብ የመጣ ነው፤ አሁን ግን ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉት ለእሱው ነው።

ጣዕሙ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ወደ ጫካው መሄድ ያስፈልጋል። በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ አሊየር በሚባለው አውራጃ፣ ትሮንሴ የተባለ ደን አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር የነበሩት ኮልበር ለጦር መርከብ የሚሆን እንጨት እንዲገኝ ደኑን ሥርዓት አስያዙት። ዛፎቹ ለመርከብ በደረሱበት ዘመን መርከቡ ወደ ብረት ዞሮ ነበር፤ ጥቅሙ ለወይን ጠማቂዎች ተረፈ። በዚያ ደን ዛፎቹ ተጠጋግተው ስለሚያድጉ ወደ ብርሃን ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ የዕድሜ ቀለበታቸውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለበርሜል የሚቆረጠው ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዓመት በላይ የኖረ ነው።

ከአንድ ዛፍ የሚወጣው በአማካይ ሁለት በርሜል ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የፈረንሳይ ኦክ በመጋዝ አይሰነጠቅም። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ ያመላልስባቸው የነበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ መጋዝ በዘፈቀደ ካቋረጣቸው ወይን ጠጁ በእነሱ በኩል ያንጠባጥባል። ስለዚህ ግንዱ እንደ ጭረቱ አቅጣጫ በምሣር ወይም በማሽን ይፈለጣል፤ ከተፈለጠው ውስጥ ሩብ ያህሉ ብቻ ጣውላ ይሆናል። የአሜሪካው ነጭ ኦክ ቱቦዎቹ በተፈጥሮ የተደፈኑ ስለሆነ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ዋጋው የሚቀንሰውም በዋናነት በዚህ ነው። ጣውላው ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ደጅ ላይ ተከምሮ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ዝናቡ መራራውን ያጥበዋል፤ በላዩ የሚበቅለው ሻጋታም ሻካራውን ያለሳልሰዋል። ይህን ደረጃ በምድጃ ማድረቅ ለማሳጠር የሚሞክሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ የሚወጣው በርሜል ግን ጥሬ ሳንቃ ሳንቃ ይላል። የርካሽ ትንንሽ በርሜሎች አንዱ ድካም ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል።

ቀጥሎ እሳት ነው። በርሜል ሠሪው ጣውላዎቹን በብረት ቀለበት በአንድ በኩል ካሰረ በኋላ በመካከላቸው የኦክ ፍልጥ ያነዳል። መጀመሪያ ሙቀቱ ጣውላውን አለስልሶ ያጎብጠዋል፤ ከዚያ የውስጡ ገጽ ይጠበሳል። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ጋኑን በወይራ ጭስ ሲያጥን የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ክፍል በሙቀት ሲፈርስ ጓያኮል የተባለውን ጭስ ጭስ የሚል ንጥረ ነገር ይለቃል፤ መጠጡም ይወስደዋል። ከዚሁ ሊግኒን ቫኒሊን ይወጣል፤ ቫኒላ የምንለው ሽታ ነው። የእንጨቱ ስኳር አዘል ክፍል ተቃጥሎ የካራሜልና የተቆላ ለውዝ ጠረን ይሰጣል። ቅርንፉድ የሚሸተው ዩጂኖልም አለ። ላክቶን የሚባለው ደግሞ ኮኮናት ኮኮናት ይላል፤ በአሜሪካው ኦክ ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ በዚያ የቆየ ወይን ጠጅ ገና ሲሸተት ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ሀብት የሚያልቅ ነው። ወይን ጠጁ ወደ ጣውላው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዘልቆ ይገባና ያለውን ይጠርገዋል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የመጀመሪያው ዓመት ወይን ጠጅ ነው፤ ሁለተኛው የተረፈውን ያገኛል፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ሙሌት በኋላ በርሜሉ ከአየር በቀር እምብዛም የሚሰጠው የለም። አንድ አዲስ የፈረንሳይ ባሪክ ብዙ መቶ ዩሮ፣ አንዳንዴም ከ1,000 በላይ ያወጣል። 225 ሊትር 300 ጠርሙስ ነውና በርሜሉ ብቻ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ሦስት ዩሮ ያህል ይጨምራል።

እስካሁን ያልነው ስለ ቅመሙ ነው። ቅመም ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን በርሜል አያስፈልገውም። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 የኦክ ስንጥር ወይን ጠጅ ውስጥ መዘፍዘፍን ፈቅዷል፤ በብረት ጋን ውስጥ የተጠበሰ ስንጥር ጨምሮ የቫኒላውን ሽታ በጥቂት ሳምንት ማውጣት ይቻላል። ዋጋውም ከበርሜል ጋር አይወዳደርም። በርሜልን የማይተካ ያደረገው ሁለተኛው ሥራው፣ ማስተንፈሱ ነው።

ኦክስጅን በጣውላው ቀዳዳዎች፣ በጣውላና ጣውላ መጋጠሚያ፣ በውታፉ ዙሪያ ይገባል። በባሪክ ውስጥ በጥቅሉ በዓመት ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። መጠኑ ኢምንት ይምሰል እንጂ ለቀይ ወይን ጠጅ ትልቅ ነገር ነው። አፍ የሚያደርቀው ታኒንና ቀለም ሰጪው አንቶሲያኒን በዚህ ጥቂት ኦክስጅን አማካይነት ይጣመራሉ። ሲጣመሩ ቀለሙ ይጸናል፤ ታኒኑም በምላስ ላይ እንደ በፊቱ አይቧጥጥም። ፓትሪክ ዱኩርኖ የተባሉ የማዲራን ወይን ጠማቂ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኦክስጅንን በጣም ረቂቅ በሆነ አረፋ ወደ ብረት ጋን የሚያስገባ መሣሪያ የሠሩት ይህን የበርሜል ጠባይ ለመቅዳት ነው። ማዲራን ታና የሚባል ታኒኑ እጅግ የበረታ ወይን የሚበቅልበት በመሆኑ ችግሩን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር።

አየር ሲገባ መጠጡም ይወጣል። ውኃውና አልኮሉ በእንጨቱ በኩል እየተነኑ በዓመት ከመቶ ሁለት እስከ አምስት እጅ ያህል ይጎድላል። ምድር ቤቱ ደረቅ ከሆነ ውኃው ይበልጥ ስለሚተን አልኮሉ ይበረታል፤ እርጥብ ከሆነ የሚቀድመው አልኮሉ ነው። የጎደለው ቦታ ባዶ ከተተወ አየር ይሞላዋል፤ የኮምጣጤ ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጠማቂዎች በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከሌላ ዕቃ እያመጡ ይሞላሉ። ወይን ጠጅ የሚገባለትን ኦክስጅን ቀስ ብሎ ያስተናግዳል፤ ከሚያስተናግደው በላይ ሲመጣበት ግን መጠበቂያ ሆኖ የተጨመረው ድኝ ያልቃል፤ የፍሬው መዓዛ ይጠፋል፤ ቀዩ ወደ ቡኒ ይሄዳል። በአምስት ሊትር በርሜል ይህ የሚደርሰው ታኒኑ ገና ሳይለዝብ ነው።

የዚህ ሁሉ ክርክር መድረክ የሆነች አንዲት አገር አለች፤ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ፣ የባሮሎ ኮረብታዎች። እዚያ የሚበቅለው ኔቢዮሎ የሚባል ወይን ነው፤ ቀለሙ ስስ፣ ታኒኑ ብርቱ፣ መዓዛው እንደ ጽጌረዳ የሚል። የዱሮዎቹ ጠማቂዎች ጭማቂውን ከልጣጩ ጋር ወር ያህል ያቆዩታል፤ ከዚያ ከስላቮንያ፣ ማለት ከዛሬዋ ክሮኤሺያ፣ በመጣ ኦክ በተሠራ ግዙፍ በርሜል ለዓመታት ያስቀምጡታል። ገዢው ለጠርሙሱ ከከፈለ በኋላ አሥር ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ገበያው ግን አልጠበቀም፤ በ1970ዎቹ የባሮሎ ገበሬ ከወይኑ የሚያገኘው ገቢ በጣም አነስተኛ ነበር።

በዚያው አካባቢ በላ ሞራ መንደር የሚኖር ኤሊዮ አልታሬ የሚባል ወጣት ገበሬ በ1976 ወደ ቡርጎኝ ሄዶ የፈረንሳይ ጠማቂዎችን ኑሮና አሠራር አየ። በትንንሽ አዳዲስ በርሜሎች ይሠሩ ነበር፤ ኑሯቸውም ከእሱ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። በ1983 የሞተር መጋዝ አንሥቶ የአባቱን ትልልቅ አሮጌ በርሜሎች ቆራረጣቸው፤ በቦታቸው ባሪክ ገዛ። አባቱ ልጃቸውን ከውርስ ነቀሉት፤ ሳይታረቁም አረፉ። የቤተሰብ ጠብ የነበረው ብዙ ሳይቆይ የአገር ክርክር ሆነ። አልታሬንና ጓደኞቹን «የባሮሎ ልጆች» ያሏቸው ሰዎች ነበሩ፤ በ2014 በዚሁ ስም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። በሌላ ወገን ባርቶሎ ማስካሬሎ፣ በእርጅናቸው ዘመን የጠርሙስ መለያ በእጃቸው እየሣሉ ይለጥፉ የነበሩ አዛውንት፣ አንዱ መለያ ላይ ባሪክንም ሆነ ፖለቲከኛውን በርሉስኮኒን አልፈልግም የሚል ቃል ጻፉበት። ለእሳቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥፋት ነበሩ፤ ያለፈውን ጠርጎ ገበያን የሚያስደስት።

እኔ ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ክርክሩ የተጣመመው ግን ሁሉም ነገር በበርሜሉ መጠን ላይ ስለተጫነ ነው። አልታሬ የቆረጣቸው በርሜሎች ዕድሜ የጠገቡ ነበሩ። በአሮጌ እንጨት ውስጥ ብሬታኖሚሴስ የሚባል እርሾ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይሰፍራል፤ ውኃ አያወጣውም፤ ወይን ጠጁን የፈረስ ጋጣ እንዲሸት ያደርገዋል። የቦርዶው ፕሮፌሰር ኤሚል ፔይኖ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ ጠማቂዎችን ደጋግመው ያሳሰቡት ስለ ንጽሕና፣ አሮጌና የቆሸሸ በርሜልን ስለ መጣል ነበር። አዳዲሶቹ ባሮሎዎች ካተረፉት ንጹሕ ጣዕም ትልቁ ድርሻ የመጣው ከእንጨቱ አዲስነት እንጂ ከትንሽነቱ አይመስለኝም፤ ንጹሕ 3,000 ሊትር በርሜልም ያንን ይሰጣል። ትንሽነቱ የጨመረው ቫኒላውንና ጭሱን ነው። ለኔቢዮሎ ደግሞ ይህ ከባድ ነው። መዓዛው ረቂቅ ስለሆነ የኦክ ሽታ በቀላሉ ይጋርደዋል። በ1990ዎቹ ከተሸጡት ባሮሎዎች ብዙዎቹ ከየትም አገር የመጡ ሊሆኑ ይችሉ ነበር የሚል ወቀሳ የደረሰባቸው በዚህ ነው፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር።

ከሁሉ ብልህ መንገድ የተከተሉት በጎረቤት ባርባሬስኮ የሚኖሩት አንጄሎ ጋያ ይመስሉኛል። በባሪክ መሞከር የጀመሩት በ1969 ነው፤ በባሪክ የቆየ ባርባሬስኮ ለገበያ ያወጡት ግን የ1978ን ምርት ነው። በመካከሉ ያለፈው ጊዜ የእንጨቱን ጉልበት መግራት የተማሩበት ነው፤ ጣውላውን ራሳቸው ገዝተው ለዓመታት ደጅ ላይ ያደርቁ ነበር። ወይን ጠጁን አንድ ዓመት ያህል በባሪክ ካቆዩ በኋላ ለተጨማሪ ዓመት ወደ ትልቁ አሮጌ በርሜል ያዞሩታል። እንጨቱ የሚሰጠውን በትንሹ ይወስዳል፤ ጊዜ የሚሠራውን በትልቁ ይጠብቃል። አንዱ ዕቃ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ አይጠየቅም።

የባሮሎ ደንብ ዛሬም 38 ወር እንዲቆይ፣ ከዚያ ውስጥ 18ቱ በእንጨት ውስጥ እንዲሆን ያዝዛል፤ የበርሜሉን መጠን አይወስንም። ነፃነቱን ያገኙት ጠማቂዎች ብዙዎቹ ወደ መካከል መጥተዋል። 500 ሊትር የሚይዘው በርሜል ተስፋፍቷል፤ ትላልቆቹም አዲስ ሆነው ወደ ምድር ቤቶቹ ተመልሰዋል። የማስካሬሎ ልጅ ማሪያ ቴሬዛ በአባቷ አሠራር ቀጥላለች፤ ወይን ጠጇም ከብዙዎቹ በላይ ይፈለጋል።

ቤቱ ውስጥ ሃያ ሊትር በርሜል ያለው ሰው ከዚህ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ። በርሜሉ አዲስ ከሆነ በመጀመሪያ በውኃ ተሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ እንጨቱ ሲያብጥ መጋጠሚያዎቹ ይዘጋሉ። ውኃው ይደፋና ወዲያው ወይን ጠጅ ይግባበት፤ ባዶ በርሜል ይደርቃል፣ ይሻግታል። ረቂቅ መዓዛ ያለውን ወይን ጠጅ ከመስጠት ቀለሙም ታኒኑም የበረታውን መስጠት ይሻላል፤ እንጨቱን የሚሸከመው እሱ ነው። በየሳምንቱ ይቀመስ፤ የጎደለውም ያኔውኑ ይሞላ። የኦክ ጣዕም ከሚፈለገው ጥቂት አነስ ብሎ ሲሰማ፣ በመጀመሪያው ሙሌት ይህ ሳምንታት ብቻ ሊፈጅ ይችላል፣ ወይን ጠጁ ይውጣና እስከ አፉ በተሞላ ብርጭቆ ጋን ወይም ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛው ሙሌት ረዘም ይላል፤ ሦስተኛው ከዚያም በላይ። ከተመረተው ግማሹን ጨርሶ እንጨት ሳይነካው በጠርሙስ ማቆየት፣ በኋላም ከበርሜሉ ጋር እየቀላቀሉ ልኩን መፈለግ ከሁሉ የሚያዋጣ ዘዴ ነው፤ እንጨቱ ቢበዛ የሚያቀጥነው ይኖራልና። የቀረውን የጊዜ ሥራ ለስድስት ወር፣ ለዓመት፣ አንዳንዱን ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ጠርሙሱ ይጠብቀዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከበርሜሉ ምንም አይፈለግም።